«ጎሚኒ ነው» የሚለው ፍርድ

መኪናችን ከኋላ በኩል ሲጢጥ ማለት ስትጀምር ብዙዎቻችን የምንሄድበት መንገድ አንድ ነው። ጋራዥ እንገባለን። መካኒኩ የመኪናዋን ጀርባ በሁለት እጁ ሁለቴ ሦስቴ ወደ ታች ይጫንና ጆሮውን ዘንበል አድርጎ «ጎሚኒ ነው» ይላል። ጎሚኒ ተገዝቶ ይቀየራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድምፁ ይመለሳል። ያኔ «እንግዲያው ሾኩ ነው» ይባላል፤ ከዚያ ደግሞ «ሞላው»። በአጎቴ ቪትዝ ላይ የሆነው ይኸው ነው። በሦስት ዙር ሦስት ዓይነት ዕቃ ተቀየረ፤ ሲጢጥታው ግን እዚያው ነበር።

ይህን የምጽፈው መካኒኮችን ለማማት አይደለም። ትችቴ ዕቃ መቀየርን እንደ ምርመራ በሚቆጥረው ልማድ ላይ ነው። ልማዱን ያጸናነው ደግሞ እኛም ባለ መኪኖቹ ነን፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ድምፁ ምን ይነግረናል?

ሲጢጥታ የሚፈጠረው ሁለት ገጽታዎች ተጫጭነው ሲያዙና ሲላቀቁ ነው። መጀመሪያ ይያያዛሉ፤ የሚገፋቸው ኃይል ሲበዛ ድንገት ተላቀው ይንሸራተታሉ፤ ወዲያው መልሰው ይያያዛሉ። ይህ በሰከንድ መቶዎች ወይም ሺዎች ጊዜ ሲደጋገም ለጆሯችን ድምፅ ይሆናል። ምክንያቱም የቆመን ነገር ለማስነሳት የሚፈለገው ኃይል፣ መንሸራተት የጀመረውን ለማስቀጠል ከሚፈለገው ይበልጣል። ማሲንቆም የሚጮኸው በዚሁ ሕግ ነው። ተጫዋቹ ጭራውን ዕጣን የሚያስነካው እንዲይዝለት ነው፤ ዕጣን ያልነካው ጭራ ዝም ብሎ ይንሸራተታል።

ስለዚህ ሲጢጥታ በእርግጠኝነት የሚነግረን ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የሚፋተጉ ገጽታዎች አሉ፣ የሚያንቀሳቅሳቸውም ነገር አለ። የትኞቹ እንደሆኑ አይናገርም። ቦታውም ቢሆን ያሳስታል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ሲጓዝ፣ በብረት ውስጥ ግን 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከግራ ጎማ የተነሳ ንዝረት በመኪናዋ አካል ብረት አልፎ ቀኝ በኩል ያለ ነገር ላይ ሊሰማ ይችላል። የኋላ ወንበር መቆለፊያም ሆነ በደንብ ያልታሰረ ትርፍ ጎማ ስንቱን ሰው ጎሚኒ አስገዝቷል! «ከቀኝ ኋላ ነው የሚሰማኝ» ማለት የምርመራው መጀመሪያ እንጂ ፍርድ አይደለም።

እኔም ብሆን መጀመሪያ ላይ አልተሻልኩም። መሐንዲስ ነኝ ብዬ ስልኬ ላይ የድምፅ ድግግሞሽ የሚለካ መተግበሪያ ከፍቼ ግማሽ ቀን ግራፍ ሳይ ዋልኩ። ቁጥር አገኘሁ፤ ቁጥሩ ግን የሚጮኸውን ነገር አድራሻ አይናገርም።

«የት ነው?» ሳይሆን «መቼ ነው?»

የተሻለው ጥያቄ ድምፁ ከየትኛው እንቅስቃሴ ጋር አብሮ ይሄዳል የሚለው ነው። ቀላል ስሌት እንሥራ። የአንድ ትንሽ መኪና ጎማ ዙሪያው 1.8 ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ጎማው በሰከንድ 3 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ በ40 ደግሞ 6 ጊዜ። የመኪናዋ አካል በሞላው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዘው ግን ፍጥነታችሁ ምንም ይሁን ምን በሰከንድ 1 ወይም 2 ጊዜ ያህል ነው። በቃ፣ ሁለቱን በጆሮ መለየት ይቻላል። ሲጢጥታው ፍጥነት ስትጨምሩ እየፈጠነ ከሄደ የሚዞር ነገር ነው፦ ፍሬን ወይም ኩሽኔታ። የኋላ ጎማ በሚነዳቸው ፒክአፖችና ሚኒባሶች ላይ ክሮቼራም ተጠርጣሪ ነው፤ እሱ ያለበት ዘንግ ከጎማው 4 ጊዜ ገደማ ፈጥኖ ስለሚዞር ድምፁም እንዲሁ ይፈጥናል። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ስትሻገሩ ብቻ፣ አንዴ ሲወርድ አንዴ ሲነሳ ከጮኸ ግን ጎሚኒ፣ ሾክ፣ ሞላ ወይም ባሌስትራ ነው።

ቀጥሎ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ቀስ እያላችሁ ፍሬኑን በትንሹ ንኩት። ድምፁ ከተለወጠ ወይም ከጠፋ ፍሬኑ ይፈተሽ፤ ይህን ደግሞ ለነገ አታሳድሩት። በብዙ የዲስክ ፍሬኖች ላይ ሸራው ሲሳሳ ሆን ብሎ እንዲጮህ የተሠራ ትንሽ የብረት ምላስ አለ። መሐንዲሱ አስቀድሞ የላከው ማስጠንቀቂያ ስለሆነ ዝም ማሰኘት አይገባም።

ጋራዥ ውስጥ የሚደረገው የመጫን ሙከራም አንድ ጉድለት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚደረገው የእጅ ፍሬን ተይዞ ነው። መኪናዋ ስትጫንና ስትነሳ የኋላ ጎማዎቹ ትንሽ መዞር ይፈልጋሉ፤ ፍሬኑ ስለያዛቸው ግን ሸራውና ታምቡሩ ይፋተጋሉ፣ ይጮኻሉም። ፍሬኑ የሚያወጣው ድምፅ ለጎሚኒ ይሰጣል ማለት ነው። ደልዳላ መሬት ላይ የፊት ጎማዎቹን በታኮ ደግፋችሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቃችሁ ድገሙት። ድምፁ ከጠፋ ጎሚኒው ያለ ጥፋቱ ሊቀየር ነበር።

ዘይት ረጭቶ መገላገል

ሁለተኛው ልማድ የተቃጠለ ዘይት ወይም የቆርቆሮ ስፕሬይ በሁሉም መገጣጠሚያ ላይ መርጨት ነው። ድምፁ ይጠፋል፤ «ተገኘ!» ይባላል። ምን ተገኘ? አራቱንም ተጠርጣሪዎች በአንዴ ዝም ካሰኘናቸው የትኛው ጥፋተኛ እንደነበር ጭራሽ ማወቅ አንችልም። በዚያ ላይ የነዳጅ ዘር የሆነ ዘይት የተፈጥሮ ላስቲክን ያሳብጣል፣ ያለሰልሳል። የፍሬን ሸራ ላይ ከደረሰ ደግሞ ከእንጦጦ ቁልቁለት ስትወርዱ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

ለምርመራ የሚሻለው ውሃ ነው። በሲሪንጅ አንድ መገጣጠሚያ ላይ ብቻ ትንሽ ውሃ አድርጋችሁ መኪናዋን ጫን ጫን አድርጉ። ድምፁ ለጥቂት ደቂቃ ጠፍቶ ሲደርቅ ከተመለሰ ተጠርጣሪው ተያዘ። ካልተለወጠ ወደ ሚቀጥለው እለፉ። ውሃ ላስቲኩን አይጎዳም፤ ማስረጃውንም አያጠፋም።

አዲሱ ጎሚኒ ለምን ጮኸ?

የአጎቴ መኪና በዚህ መንገድ ሲፈተሽ ውሃው ዝም ያሰኘው በመጀመሪያው ዙር የተቀየረውን አዲሱን ጎሚኒ ነበር። መካኒኩ ቦታውን አልሳተም ማለት ነው! ስህተቱ አገጣጠሙ ላይ ነበር። ጎሚኒ በውስጡና በውጭው ብረት መካከል የታሰረ ላስቲክ ነው፤ እንቅስቃሴውን የሚችለው በመጠምዘዝ ነው። ብሎኑ የጠበቀው መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳለ ነው። መሬት ላይ ስትወርድ ላስቲኩ ቆማም እየሄደችም እንደተጠመዘዘ ይቀራል። እንዲህ ያለው ላስቲክ ቶሎ ይቀደዳል፣ ወይም ከብረቱ ላይ እየተንሸራተተ ይጮኻል። የእኛው ገና አልተቀደደም ነበር። ብሎኑን አላልተን፣ መኪናዋን በራሷ ክብደት በጎማዋ ላይ አቁመን መልሰን አጠበቅነው። ከዚያ ወዲህ አልጮኸም። ሾኮቹም ሞላዎቹም የተቀየሩት በከንቱ ነበር።

ለምንድን ነው የምንከፍለው?

እዚህ ላይ ትችቱ ወደ እኛ ይዞራል። ከጋራዥ ስንወጣ የምንጠይቀው «ምን ቀየርክ?» ብለን ነው። አሮጌው ዕቃ ሲሰጠን ልባችን ይረጋል። አንድ መካኒክ ሰዓት ሙሉ መርምሮ አንድ ብሎን ቢያጠብቅና የድካሙን ቢጠይቅ ግን «ብሎን ለማጥበቅ ይህን ያህል?» ብለን እንጣላዋለን። ለማሰብ የማንከፍለው ሰው ዕቃ ከመቀየር ሌላ ምን አማራጭ አለው?

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ድምፁ መቼ፣ በስንት ፍጥነት፣ ሰው ሲሞላ ወይስ ባዶ፣ ጠዋት በብርድ ወይስ ከሞቀች በኋላ እንደሚሰማ ጻፉ። «ጎሚኒ ነው» ስትባሉ «ጎሚኒው ባይሆን በምን እናውቃለን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ያለውና ሊያሳያችሁ የሚሞክር መካኒክ ካገኛችሁ የሰዓቱን ክፈሉት። አጎቴ ለሦስት ዙር ዕቃ ያወጡት ገንዘብ ብዙ ሰዓት ይገዛ ነበር።