«ምናባዊ ሙከራ» ስለሚለው ስያሜ

የሰውን ገላ ለጨረር ሳያጋልጡ የራጅን መሣሪያ ብቃት መመዘን የሚያስችል አዲስ ዘዴ ስያሜውንም ይዞብን መጥቷል። «ምናባዊ» የሚለው ቅጽል ለዚህ ዐይነቱ የኮምፒዩተር ሥራ ሁሉ በልማድ እየተሰጠ ስለሆነ፣ ዘዴውም «ምናባዊ ሙከራ» ሊባል ነው። ይህ ጸሐፊ ስያሜውን አይቀበለውም።

አስቀድሞ ነገሩን እንመልከት። ኮምፒዩተሩ አካልን ከነሥጋው፣ ከነስቡ በቁጥር ይገነባል፤ እብጠትን በታወቀ ቦታ ያኖርበታል፤ የጨረሩን ቅንጣቶች ጕዞ በዕድል ስሌት ይከተላል፤ የተገኘውንም ሥዕል ሌላ ስሌት ያነበዋል። የእብጠቱ ስፍራ አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ አንባቢው ማግኘቱ ወይም መሳቱ አያከራክርም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት 2,986 እንዲህ ያሉ «ሴቶችን» ሠርተው ሁለት ዐይነት የጡት ራጅ አወዳድረዋል፤ ውጤቱም በእውነተኛ ሴቶች ላይ ከተደረገው ሙከራ ጋር ተስማምቷል።

እንግዲህ ይህን የመሰለውን የልኬት ሥራ «ምናባዊ» ማለት የባለቅኔን ንብረት ለመሐንዲስ መስጠት ነው። «ምናባዊ ሕሙም»ማ ሞልዬር በ1673 ቴአትሩ የሣቀበትን፣ ሳይታመም ታመምሁ ባይ ሰው ያስታውሳል። «ማስመሰል» ከዚህም ይብሳል፤ «አስመሳይ» በአማርኛ ስድብ ነውና። «ፋንተም» የሚባለውን የመለኪያ አካል ደግሞ መዝገበ ቃላት ገልጦ «ምትሀት» የሚል ተርጓሚ ከተነሣ፣ የራጅ ክፍሉ የጠንቋይ ቤት ይሆናል።

ስያሜ የሚፈተነው በሕሙሙ ጆሮ ነው። ከሮቤ፣ ከጊኒር፣ ከድሬ ሼክ ሁሴን ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የሚመጣ ሰው አማርኛን የሚሰማው ከኦሮምኛ ጋር አዳምሮ ነው። ማንም ጉባኤ ሳይቀመጥበት ሕዝብ ያጸደቀው «ራጅ» እንኳ፣ በኦሮምኛ ትንቢትንና ተአምርን ከሚያመለክተው «ራጂ» ጋር በድምፅ ይቀራረባል። የሼኩን ከራማ እየሰማ ላደገ ሰው «መሣሪያው በምናብ ተፈትኗል» ቢሉት፣ ወይ ተአምር ይመስለዋል፣ ወይ ውሸት።

ስለዚህ «የአምሳያ ሙከራ»፣ «አምሳያ አካል»፣ «አምሳያ ሕሙም» ቢባል ይሻላል እንላለን፤ ለድርጊቱም «ምስለት» ይበቃል። «አምሳያ» በዕለት ንግግር እኩያ ማለት ስለሆነ ከልኩ በላይ ይናገራል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ነገር ግን ቃሉን የመረጥነው ስለዚሁ ነው፤ «ምናባዊ» ሲባል ጥያቄ አይነሣም፤ «አምሳያ» ሲባል ግን የጎባው ሐኪም «የማን አምሳያ?» ሊል ይችላል። እነዚያ 2,986 «ሴቶች» የተሠሩት በቅድመ ምርመራ የሚታዩ ሴቶችን የጡት መጠንና ጥግግት ተከትለው ነው፤ ከባሌ ደጋ የተወሰደ ልክ ግን አልነበረበትም።