የሳንባ ካንሰር ጥምር ሕክምናና የ«ፓሲፊክ» ጥናት አነባበብ

በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ከሚችልበት ሁኔታ ያለፈ፣ ሆኖም ከደረት ውጪ ወዳሉ የሰውነት ክፍሎች ገና ያልተሠራጨ የሳንባ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ በደረጃ ሦስት ይመደባል። ለዚህ በሽታ የሚሰጠው የኬሞቴራፒና የጨረር ጥምር ሕክምና ሲነሣ፣ ዛሬ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው የመጀመሪያ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው «ፓሲፊክ» የተሰኘው ጥናት ነው። ከጥምር ሕክምናው በኋላ የሰውነትን በሽታ የመከላከል ኃይል የሚያነቃቃው ዱርቫሉማብ ከተሰጣቸው ሕመምተኞች መካከል 42.9 ከመቶ የሚሆኑት አምስት ዓመት ኖረዋል፤ ማስመሰያ መድኃኒት ከተሰጣቸው ግን 33.4 ከመቶ ብቻ። ይህ አኃዝ በየትምህርት መድረኩ ሲቀርብ ጥምር ሕክምና የሚጀምር ሕመምተኛ ሁሉ ያለው ተስፋ ተደርጎ ይወሰዳል። ጥናቱ ግን እንዲህ አላለም።

ወደ ኋላ መለስ ብሎ መነሻውን ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው የአሜሪካ ጥናት፣ ጨረር ብቻ የተሰጣቸውን ሕመምተኞች አስቀድሞ ሲስፕላቲንና ቪንብላስቲን ከወሰዱት ጋር ሲያነጻጽር፣ መካከለኛው የሕይወት ዘመን ከ9.7 ወደ 13.8 ወር ከፍ ማለቱን አሳየ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ሁለቱ ሕክምናዎች ተከታትለው ይሰጡ ወይስ በአንድ ጊዜ የሚል ሆነ። የስድስት ጥናቶችን መረጃ በአንድነት የመረመረው የ2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ትንተና፣ በአንድ ጊዜ መስጠቱ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የሚገኙትን በ4.5 ከመቶ እንደሚጨምር ደምድሟል። ዋጋውም አብሮ ተጽፏል፦ ከባድ የምግብ ቧንቧ ብግነት ከ4 ወደ 18 ከመቶ አድጓል። መዋጥ የተሳነውና ቀድሞውንም ክብደቱ የቀነሰ ሰው ያየ ሐኪም ይህ ሁለተኛ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በማጠቃለያ ሠንጠረዦች ላይ ግን የሚታተመው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

«ፓሲፊክ» 713 ሕመምተኞችን ያካተተ ሲሆን፣ ሁሉም ጥምር ሕክምናውን ጨርሰው ከ1 እስከ 42 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በዕጣ የተመደቡ ናቸው። ቆጠራው የሚጀምረው ከዚህ ቀን ነው። በሕክምናው መካከል በሽታው የባሰባቸው፣ የሞቱት፣ አቅም አጥተው ያቋረጡት፣ እንዲሁም ጨረሩ ሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ የሆነ የሳንባ ብግነት ያስከተለባቸው ከበሩ አላለፉም። የገቡትም የዕለት ተዕለት ተግባራቸውን በራሳቸው ለማከናወን የሚችሉት ናቸው። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ልዩነት በዕጣ የተገኘ ስለሆነ ይታመናል፤ መድኃኒቱ ይሠራል። 42.9 የሚለውን ቁጥር ግን ገና የመጀመሪያውን መርፌ ለሚጠብቅ ሰው መንገር፣ ወንዙን የተሻገሩትን ብቻ ቆጥሮ ስለ ወንዙ ጥልቀት እንደ መናገር ነው።

ለሚዛናዊነት ያህል አንድ ነገር መታከል አለበት። «አርቲኦጂ 0617» የተባለው ጥናት ቆጠራውን የጀመረው ከጥምር ሕክምናው በፊት ሲሆን፣ 60 ግሬይ ከተሰጣቸው መካከል 32.1 ከመቶ አምስት ዓመት ኖረዋል። ስለዚህ የቅርብ ጊዜ ውጤቶች መሻሻል በአቆጣጠር ብቻ አይገለጽም፤ የተሻለ የምስል ምርመራና የጨረር አሰጣጥ ድርሻ አላቸው። እነዚህም ቢሆኑ ለጥናት ተመርጠው የገቡ ሕመምተኞች መሆናቸው ሳይዘነጋ ነው። ይኸው ጥናት ሌላም ትምህርት ትቷል። የጨረሩን መጠን ወደ 74 ግሬይ ማሳደጉ ይጠቅማል ተብሎ ሲጠበቅ መካከለኛውን የሕይወት ዘመን ከ28.7 ወደ 20.3 ወር አወረደው፤ በልብ ላይ ያረፈው ጨረርም ከሞት ጋር ተያይዞ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2024 የቀረበው «ፓሲፊክ 2» ደግሞ ዱርቫሉማብን ከጥምር ሕክምናው መጀመሪያ አንሥቶ መስጠት በሽታው ሳይባባስ የሚቆይበትን ጊዜ በአስተማማኝ ሁኔታ እንደማያራዝም አሳይቷል። አንድ ዓይነት መድኃኒት በኋላ ሲሰጥ የጠቀመውን ያህል ቀድሞ ሲሰጥ አልጠቀመም። በጥምር ሕክምና ውስጥ ቅደም ተከተል ራሱ ሕክምና መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

ይህ ክርክር ኢትዮጵያን በቀጥታ ይነካል። በአገሪቱ ለረጅም ዓመታት ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል በአዲስ አበባ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የነበረ ሲሆን፣ አገልግሎቱ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞች የተጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ሕክምና የሚጠይቀው 60 ግሬይን በ30 ቀን ከፍሎ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስድስት ሳምንታት ያለ ማቋረጥ መስጠትን ነው። መሣሪያው ቆሞ ሕክምናው ለሳምንታት ከተቋረጠ የተረፉት የካንሰር ሕዋሳት ይራባሉ፤ የ4.5 ከመቶው ጥቅምም ዋስትና ያጣል። እንግዲህ ተራ ለሚጠብቅ ሕመምተኛ ኬሞቴራፒን አስቀድሞ መስጠት በማስረጃ የተደገፈ ሕክምና እንጂ እንደ ጉድለት የሚቆጠር አይደለም። ሁኔታው ግን አንድ ነው፦ ጨረሩ በእርግጥ መከተል አለበት። የመጨረሻው የኬሞቴራፒ ዙር ካለቀ በኋላ ለወራት የሚያስጠብቅ ቀጠሮ በጥናቶቹ ውስጥ የተፈተነው ተከታታይ ሕክምና አይደለም።

የውጭ አገር መመሪያዎችን ተርጉመው የሚያቀርቡ ጽሑፎች ይህን ልዩነት ማንሣት ይገባቸዋል። ዱርቫሉማብ በየሁለት ሳምንቱ እስከ አንድ ዓመት የሚሰጥ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረትም ፈቃዱን ፒዲ-ኤል1 የተባለው ምልክት 1 ከመቶና ከዚያ በላይ በሆነባቸው ዕጢዎች ወስኖታል። ምልክቱን መመርመር በማይቻልበትና መድኃኒቱ በማይገኝበት ስፍራ ላለ ሐኪም፣ ከ«ፓሲፊክ» ይልቅ የ1990ውና የ2010ሩ ጥናቶች የዕለት ሥራውን ይመለከታሉ። ተከታታይ ሕክምና በወሰዱ ሕመምተኞች ላይ የተካሄደው «ፓሲፊክ 6» የተቀረጸው የመድኃኒቱን ደኅንነት ለመመርመር ነበር፤ ማነጻጸሪያ ክፍል ስላልነበረው ዕድሜ ያራዝም እንደሆነ ከእርሱ መደምደም አይቻልም።