«አሉታዊ ቦታ» ወይስ «የክፍተት ቅርጽ»? ስለ አንድ የንድፍ ስያሜ

በንድፍ ትምህርት፣ በሚነደፈው ነገርና በነገሩ ዙሪያ ወይም መሐል በሚቀረው ስፍራ መካከል ልዩነት ይደረጋል። ይህ ሁለተኛው፣ በውጭ ቋንቋዎች «ኔጌቲቭ» በሚል ቅጽል የሚጠራው፣ በአማርኛ የትርጉም ጽሑፎች «አሉታዊ ቦታ»፣ አልፎ አልፎም «ባዶ ቦታ» ተብሎ ያጋጥመናል። ሁለቱም ጉድለት አለባቸው፤ የጉድለታቸው ዓይነት ግን ይለያያል።

«አሉታ» በሰዋስዋችን የታወቀ ሥራ አለው፤ የ«አወንታ» ተቃራኒ ሆኖ እንደ «አልመጣም» ያሉትን ግሦች ይመለከታል። በዕለታዊ አነጋገር ደግሞ «አሉታዊ ውጤት» ሲባል መጥፎነት ይሰማል። ስለዚህ ተማሪው ከወረቀቱ ላይ ወይ የሚክድ ወይ የተበላሸ ቦታ ይፈልጋል። («ስፔስ» የሚለውን በ«ሕዋ» የሚተረጉም ቢገኝ ደግሞ ምስኪኑን ተማሪ ከከዋክብት መካከል ያስቀምጠዋል።)

«ባዶ» የባሰ ነው። ምክንያቱን ለማየት በሚዛን ተፈሪና በቴፒ መካከል ከሚገኘው ከሸኮ የደን ቡና አንድ ቅርንጫፍ እንውሰድ። የቡና ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይበቅላል፤ ፍሬው በቅጠሉ ብብት ይከማቻል። ጀማሪው ነዳፊ ቅጠል ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ስለሚያውቅ የሚያውቀውን ይነድፋል፤ ወደርሱ ያዘነበለውንና አጥሮ የሚታየውን ቅጠል ሳይቀር እንደሌሎቹ ያስረዝመዋል። በሁለት ቅጠሎችና በግንዱ መካከል ስለምትታየው ባለ ሦስት ማዕዘን ብርሃን ግን አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ እርሷን ለመንደፍ ማየት ግድ ይሆንበታል። እርሷ በትክክል ከተነደፈች የቅጠሉም ጠርዝ ልክ ይመጣል፤ መስመሩ የሁለቱም ወሰን ነውና። እንግዲህ መምህሩ ያንን ስፍራ «ባዶ» ብሎ ከሰየመው፣ ተማሪው ምን ብሎ ይመለከተዋል?

የፊደላችን ቅርጽም ይህንኑ ያስረዳል። ዐ፣ ወ እና ፀ የአንድ ክብ ዘመዶች ናቸው፤ በመጀመሪያው የክቡ ውስጥ ሳይከፈል ይቀራል፣ በሁለተኛው ቁም መስመር፣ በሦስተኛው አግድም መስመር ይከፍለዋል። ቁም ጸሓፊ በቀለም የሚጽፈውን ያህል በቀለሙ መካከል የሚተወውንም መለካት አለበት።

በእኛ አስተያየት «የክፍተት ቅርጽ» ቢባል ይሻላል። «ክፍተት» ከ«ከፈተ» የወጣ፣ የአጥር ክፍተት፣ የጥርስ ክፍተት እየተባለ በየቤቱ የሚነገር ቃል ነው፤ «ቅርጽ» ሲጨመርበት ደግሞ ስፍራው የራሱ መልክ እንዳለው ይናገራል። ክፍተት በሁለት ነገሮች መካከል ብቻ ነው፣ ከነገሩ ውጭ እስከ ወረቀቱ ዳር ያለውን አይጨምርም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ሆኖም የወረቀቱ ጠርዝ እንደ ሁለተኛ ወሰን ስለሚያገለግል ስያሜውን አያፈርሰውም። «ዳራ» ለዚህ ይብቃ የሚሉም አሉ። ዳራ በስተኋላ ያለ ነው፤ በዳራው ላይ የተነደፈ ዛፍም በቅርንጫፎቹ መካከል የራሱ ክፍተቶች ይኖሩታል። የዴንማርኩ የሥነ ልቡና ሊቅ ኤድጋር ሩቢን እ.ኤ.አ. በ1915 ያቀረበው የታወቀ ምስል፣ አንዴ የአበባ ማስቀመጫ አንዴ ሁለት ፊቶች ሆኖ የሚታየው፣ የኋላውና የፊቱ ቦታ ሲለዋወጡ ያሳያል። እዚያ ላይ «ዳራ» የትኛውን እንደሚያመለክት መወሰን ያስቸግራል።

ነገሩ በአማርኛ ብቻ አይቆምም። በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የሥራ ቋንቋው አማርኛ ስለሆነ፣ በሸኮኛ ንድፍ ለማስተማር የሚነሣ መምህር ስያሜውን ከአማርኛው የመውሰዱ ዕድል ሰፊ ነው። ሸኮኛ የኦሞ ቋንቋ ነው፤ ቃላትን የሚለይባቸው አራት የድምፅ ከፍታዎች ስላሉት የእኛን ቃል እንዳለ ቢቀበል እንኳ በራሱ ዜማ ሊያስገባው ይገባል። «አሉታዊ»ን ለማዛወር በመጀመሪያ የሰዋስው ስያሜ መፍጠር ያስፈልጋል፤ የአጥር ክፍተትን ግን ማንኛውም ገበሬ በቋንቋው ይጠራዋል። ለብዙ ቁጥሩ «የክፍተት ቅርጾች»፣ ለሥራው «ክፍተቱን መንደፍ» የሚሉት ከአማርኛው ርባታ ጋር ያለ ችግር ይሄዳሉ። «ኔጌቲቭ» ለፎቶግራፍ ፊልሙ እንደተለመደው ይቅር።