ነብሮ በአፍንጫው ይጋልባል

ሻይ ላይ ጣል የምናደርጋት ቅርንፉድ፣ አዎ ያቺው የሱቋ ቅርንፉድ፣ የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ ያሉትን ውሻዬን ሥራ አስያዘችው! ይህን ለማን ልንገር እያልኩ ሰሞኑን ሰፈሩን አዳርሼዋለሁ። ጎረቤት ሰምቷል፣ ባለሱቁ ሰምቷል፣ እናቴማ በቃሏ ትወጣዋለች። ዛሬ የእናንተ ተራ ነው።

ነብሮ የግቢ ውሻ ነው። መኪና ገጭቶት አከርካሪው ከተጎዳ ወዲህ ከወገቡ በታች ያለው አካሉ ይጎተታል እንጂ አይቆምም። ቁስሉ ድኗል፣ ይበላል፣ ሕመም እንዳይኖርበት ሐኪም ደጋግሞ አይቶታል። ያልዳነው ቀኑ ነበር፤ አልመሽ አለው። ጤነኛ ሳለ አጥሩን ይዞራል፣ ቁራሌው ሲጣራ አብሮ ይጮሃል፣ በብረት በሩ ሥር አፍንጫውን አሾልኮ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ይመረምራል። ሳሎን ጥግ ፍራሽ ላይ መዋል ከጀመረ በኋላ ግን የፊት እግሩን ፀጉሩ እስኪረግፍ ይልሰው ጀመር። ሰው ከክፍሉ በወጣ ቁጥር ያላዝናል። ኳሱን ስናቀርብለት ፊቱን ያዞራል። እንዲህ ያለ ውሻ በቤቱ ያለ ሰው ያንን ፊት ያውቀዋል፤ አንጀት ይበላል።

አንዲት የእንስሳት ሐኪም አገላብጣ ካየችው በኋላ፣ «እግሩን ለእኔ ተዉልኝ፤ እናንተ አፍንጫውን ሥራ ስጡት» አለችን። ከዚያች ቀን ወዲህ ቤታችን ሌላ ቤት ሆኗል ብል ማጋነን አይደለም።

እስቲ የውሻ አፍንጫን አንድ ጊዜ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከፊት ሁለቱ ቀዳዳዎች አሉ፤ እነሱን ተከትሎ በግራና በቀኝ ወደ ጎን የተሰነጠቁ ቀጫጭን ክፍተቶች ታገኛላችሁ። ሲያነፈንፍ አየሩ በፊት ይገባና በጎን ይወጣል። የሚወጣው ትንፋሽ የሚገባውን ሽታ አይገፋውም፤ እንዲያውም መሬት ላይ የተኛውን ሽታ እየቀሰቀሰ ወደ አፍንጫው ያመጣለታል። ይህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ያህል ይደጋገማል! ወደ ውስጥ የገባው አየር ደግሞ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ሳንባ፣ ሌላው ከአፍንጫው ጀርባ ወዳለው የማሽተቻ ጓዳ። የእኛ የሽታ ተቀባይ ሴሎች 5 ወይም 6 ሚሊዮን ገደማ ናቸው፤ የውሻ እንደ ዝርያው እስከ 300 ሚሊዮን ይደርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የውሾችን አንጎል በኤምአርአይ አንስተው፣ ሽታ የሚቀበለው ክፍል ከዕይታው ክፍል ጋር የተያያዘበትን መስመር አሳይተዋል። አጃኢብ እኮ ነው! ከዚህ ሁሉ ውስጥ የኋላ እግር የሚጠይቀው የቱ ነው? አንዱም!

እኔን ከወንበሬ ያስነሳኝ ግን ሌላ ጥናት ነው። ሻርሎት ዱራንቶን እና አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት ነው። 20 የቤት ውሾችን ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ ለ2 ሳምንት በማሽተት ምግብ መፈለግን ተለማመዱ፤ ሌሎቹ ከባለቤታቸው ጎን ተጠግቶ መሄድን። ሁለቱም ወገን ይማራል፣ ሁለቱም ይሸለማል። ፈተናው እንዲህ ነው፤ አንድ ሳህን በዚህ በኩል ሲቀመጥ ሁልጊዜ ምግብ አለበት፣ በዚያ በኩል ሲቀመጥ ሁልጊዜ ባዶ ነው። ታዲያ መሐል ላይ ቢቀመጥስ? ውሻው ምግብ ይኖራል ብሎ ይቸኩላል ወይስ ምን ዋጋ አለው ብሎ ይለግማል? ሲያሸቱ የሰነበቱት ከበፊቱ ፈጥነው ሄዱ። ጎን ለጎን መሄድ የተማሩት ላይ ለውጥ አልታየም። እንግዲህ ማሽተት ውሻን ተስፈኛ ያደርገዋል! ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲያይ ለሚውል ውሻ ከዚህ የበለጠ ምን መድኃኒት አለ?

አሁን ወደ እናቴ የገበያ ዘንቢል ልውሰዳችሁ። እናቴ ከሾላ ገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን በቀጥታ ወደ ወጥ ቤት አታስገባም። ነብሮ ፊት ታስቀምጠዋለች። መጀመሪያ ላይ «ጎመኑ ይጠወልግብኛል እኮ ልጄ!» ብላኝ ነበር፤ ዛሬ «ነብሮ ሳይፈትሸው አይራገፍም» የምትለው እሷ ናት። ፍተሻው ሥርዓት አለው። ከሥር ይጀምራል፣ የገበያው አፈርና የሌላ ውሻ ዱካ ካለበት። ከዚያ እጀታው ላይ ይወጣል፤ ያቺን ዘንቢል ማን ማን እንደያዘላት እዚያ ያነበዋል መሰለኝ፣ ብዙ ይቆያል። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለው ቅቤ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ጆሮዎቹ ይቆማሉ፣ የአፍንጫው ጫፍ ይርሳል፣ ትንፋሹ አጭርና ፈጣን ይሆናል። ሾላን በእግሩ አልረገጠውም፤ ግን ያን ቀን ሾላ ውሏል ብዬ እምላለሁ! ሲጨርስ ረዥም ትንፋሽ ለቅቆ አገጩን ፍራሹ ላይ ያሳርፋል። ይህ ተስፋ ቆርጦ የሚተኛው እንቅልፍ አይደለም፤ ሠርቶ የደከመ እንቅልፍ ነው፤ ልዩነቱን በዓይን ታዩታላችሁ።

ከዚያ ወዲህ ከደጅ ባዶ እጁን የሚገባ ሰው የለም። አንዱ ከመንገድ ዳር ሣር ነቅሎ ይመጣል፣ አንዱ ከወንዝ ዳር ድንጋይ። እንግዳ ሲመጣ ጫማውን እንዲያወልቅ የምንለምነው ለምንጣፉ ብለን አይደለም። የጎረቤት ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በሩን እያንኳኩ «ጋሼ፣ ነብሮ ዛሬ ቦርሳችንን ያሸታል?» ይሉኛል። ያሸታል እንጂ! አንደኛው ቦርሳ ውስጥ የትናንት ምሳ ሽታ ስላለ እሱ ላይ ጉባኤ ይቀመጣል።

የቅርንፉዷ ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ካሊፎርኒያ ውስጥ የፍተሻ ውሾችን የሚያሠለጥኑ ሰዎች የፖሊስን ጥበብ ለቤት ውሻ አመጡት፤ ዛሬ ውድድር ያለው ስፖርት ሆኗል። ውሾቹ እንዲፈልጉ የሚማሯቸው ሦስቱ መነሻ ሽታዎች በርች ከሚባል ዛፍ የሚገኝ ዘይት፣ አኒስ እና ቅርንፉድ ናቸው። ቅርንፉድ! በዚህ ስፖርት ያረጁ ውሾች ይሳተፋሉ፣ ባለ ሦስት እግሮች ይሳተፋሉ፤ አፍንጫ ይዞ መምጣት ብቻ ነው የሚጠየቀው።

እኛም አንዲት ትንሽ የቆርቆሮ ዕቃ ክዳኗን በሚስማር በሳስተን፣ ጥቂት ቅርንፉድ ከተን በደንብ ዘጋናት። ክዳኑ መጥበቅ አለበት፤ ውሻው እንዲያሸተው እንጂ እንዲበላው አይደለም። መጀመሪያ ቆርቆሮዋን ከአፍንጫው ፊት ይዘን፣ ባሸታት ቁጥር ያለ ጨው የተቀቀለ ሥጋ ቁራጭ እዚያው ቆርቆሮዋ ላይ እንሰጠው ነበር። ይህ ሽታ ሥጋ ያመጣል የሚለው ነገር ሲገባው ተመሳሳይ ባዶ ቆርቆሮዎች ተጨመሩ። ሦስቱ ተደርድረው ሲቀርቡለት የመጀመሪያዋን አለፋት፣ ሁለተኛዋ ላይ አፍንጫው ተመለሰ፣ ሦስተኛዋን አሽትቶ እንደገና ወደ ሁለተኛዋ ሄደና አገጩን አስደግፎ ቀና ብሎ አየኝ። ልክ ነበር! ልቤ ጮቤ ረገጠች! ያ ቀና ያለ ዓይን፣ በሩን ሲጠብቅ የነበረው የጥንቱ ነብሮ ዓይን ነው። አሁን ቅርንፉዷን ትራስ ሥር፣ የሶፋው ጥግ፣ አሮጌ ጋቢ እጥፋት ውስጥ እንደብቃለን፤ በፊት እግሮቹ እየተጎተተ ያገኛታል። ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ውሻ ያላችሁ ደግሞ አትዘኑ፤ እሱ ወደ ቆርቆሮዎቹ ባይሄድ ቆርቆሮዎቹ ወደ እሱ ይሄዳሉ። ጨዋታው አንድ ቅንጣት አይጎድልበትም።

ወጪስ? ምንም! ከአሮጌ ልብስ የተቀደደ ጨርቅ ሰፌድ ላይ አጨናንቃችሁ ምግቡን መሐሉ በትኑለት፤ አንድ ሰሃን በአንድ ትንፋሽ ይጨርስ የነበረ ውሻ እየለየ እየፈለገ ይበላል። የሶፍት ካርቶን ጥቅል ሁለቱን ጫፍ አጥፋችሁ ውስጡ ትንሽ ነገር ክተቱ፤ ቀዳዶ ማውጣቱ በራሱ ደስታ ነው፣ ካርቶኑን እንዳይውጥ ግን አጠገቡ ሁኑ። የተቀቀለ ዱባ ወይም እርጎ ዝርግ ሳህን ላይ ቀብታችሁ ስጡት፤ መላስ ውሻን ያረጋጋል።

የምንወደውን እንዳንጎዳ ጥንቃቄውን ጮክ ብዬ ልናገር። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው፤ ስለዚህ ከወጥ የወጣ ሥጋም ሆነ የቅመም ቋንጣ አይሆንም። ዘቢብ፣ ወይንና ቸኮላት እንዲሁ። የጨዋታው ምግብ ከዕለት ምግቡ ላይ ይነሣ እንጂ ተጨማሪ አይሁን፤ የማይሮጥ ውሻ ቶሎ ይወፍራል፣ ክብደቱ ደግሞ ጤነኞቹን እግሮች ይጎዳል። ሴራሚክና ሊሾ ስለሚያንሸራትቱ ምንጣፍ ይነጠፍ። ደረቱ ላይ ተደግፎ እንዲያሸት በሁለቱም ጎኑ ጋቢ ጠቅልላችሁ አስደግፉት። አንድ ጎኑ ላይ ብዙ ሰዓት የሚተኛ ከሆነ በየጥቂቱ አገላብጡት፤ ቆዳው እንዳይቆስል። አከርካሪው ገና እያገገመ ያለ ውሻ ከሆነ ደግሞ ምን ያህል መንቀሳቀስ እንደሚችል ሐኪሙ ሳይወስን ምንም አትጀምሩ። ጨዋታው 5 ደቂቃ ቢሆን ይበቃል፤ ሳይሰለቸው፣ አግኝቶ ደስ ባለው ሰዓት ይቁም። በጣም ቀላል አድርጋችሁ ጀምሩ፤ መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ ማሸነፍ አለበት።

አሁን ደግሞ ስም ማስተማር ጀምረናል! መነሻችን ቼዘር ትባል የነበረች የአሜሪካ ቦርደር ኮሊ ናት። ጆን ፒሊ የተባሉ ጡረታ የወጡ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ በቤታቸው ያሠለጠኗት ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ጥናት 1,022 መጫወቻዎችን በየስማቸው ለይታ ታመጣ ነበር። እኛ ደግሞ ከ«ኳስ» እና ከ«ጫማ» ተነሥተናል። ኳሷን ይዞ ስሟን መጥራት፣ ሲነካት መሸለም፣ ከዚያ ጫማውን አጠገቧ አስቀምጦ «ነብሮ፣ ኳስ!» ማለት ነው። ትናንት ጫማውን አሽትቶ ተወውና አንገቱን ዘርግቶ ኳሷን በአፉ ያዛት፤ እናቴ ከወጥ ቤት እልል አለች። ቀጣዩ ስም «ዘንቢል» ነው። ቅዳሜ እንጀምራለን።