ኒቆዲሞስ፣ የካንሳስ ሜዳ መንደር

ኒቆዲሞስን እ.ኤ.አ. በ1877 በሰሜን ምዕራብ ካንሳስ፣ በሰለሞን ወንዝ አጠገብ የቆረቆሯት ከባርነት ነፃ ወጥተው ከኬንታኪ የፈለሱ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ዛፍ በሌለበት ሜዳ መሬት ቆፍረው ጎጆ ቀለሱ፤ በ1878 የደረሱ ሰፋሪዎች መንደሯን ሲፈልጉ ያዩት ከመሬት የሚወጣ ጭስ ነበር። በመጀመሪያው ብርድ ወራት ስንቅ ሲያልቅባቸው ከአደን የሚመለሱ የኦሴጅ ሰዎች አካፈሏቸው። በ1888 የባቡር ሐዲዱ ሳይነካት ሲያልፍ ነጋዴዎቿ ተከትለውት ሄዱ፤ ገበሬዎቿ ግን አልተነቀሉም። ታላቅነቷም እዚህ ላይ ነው፤ ከብዙ መሰል ሰፈሮች ተርፋ ዛሬም ሰው ይኖርባታል። በ1996 ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ ተብላለች። እንግዳ ከአሮጌው የማዘጋጃ አዳራሽ ይጀምራል፤ ቤተ ክርስቲያኖቹ፣ ሆቴሉና ትምህርት ቤቱ በእግር ይደረሳሉ። የሐምሌ መጨረሻ ይመረጣል፤ የመሥራቾቹ ዘሮች ከየአገሩ ተሰባስበው የነፃነት በዓላቸውን ያከብራሉ።