ዲግሪና ሙቀት፦ የጆሴፍ ብላክ ትምህርት በአብሲት ድስት ሲፈተን

በጋዝጊብላ ደጋ አብሲት የምትጥል እናት የመቀላቀልን ሕግ በእጇ ታውቀዋለች። ከቡኮው ጥቂት ቀንሳ ከውሃ ጋር እሳት ላይ ታማስላለች፤ ቀዝቀዝ ሲል ወደ ቡኮው ትመልሰዋለች። እንደተንተከተከ ብትገለብጠው እርሾው ይሞታል። ይህን እውቀት በቁጥር ያስቀመጠው ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ጆሴፍ ብላክ ነው። የኬሚስትሪ ትምህርቶቹን ጆን ሮቢሰን አሰናድቶ በ1803 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ብላክ ካረፈ በኋላ ነበር።

የመጽሐፉ ትልቁ ስጦታ ዲግሪንና ሙቀትን መለየቱ ነው። ብላክ የፋራናይትን ሙከራ ይጠቅሳል፦ በፋራናይት መለኪያ 100 ዲግሪ ያለው ውሃ 150 ዲግሪ ካለው እኩል ስፍር ባዜቃ ጋር ሲቀላቀል፣ ውጤቱ 125 ሳይሆን 120 ሆነ። ባዜቃው 30 ዲግሪ ሲያጣ ውሃው ያገኘው 20 ብቻ ነው፤ የተሰጠውና የተወሰደው ሙቀት ግን እኩል ነው። እኛ ዛሬም «የሙቀት መጠን 25 ዲግሪ» እያልን ሁለቱን በአንድ ስም እንጠራለን። ተማሪው የሚደናገረው ከዚህ ጀምሮ ነው።

የመጽሐፉ ጉድለት የሙቀትን ሒሳብ ብቻውን ማቆሙ ነው። ወተት በቅል ሲናጥ እሳት የለም፤ የክንድ ድካም ግን ወተቱን በጥቂቱ ያሞቀዋል። ሥራ ወደ ሙቀት እንደሚለወጥ ጄምስ ጁል በ1840ዎቹ ለክቶ አሳይቷል። ስለዚህ የሚጠበቀው ኃይል ወይም ኢነርጂ እንጂ ሙቀት ብቻ አይደለም። በአብሲት ድስት የማማሰሉ ሥራ ከእሳቱ አንጻር ኢምንት በመሆኑ የብላክ ሒሳብ ይሠራል፤ ለቅሉ ግን አይበቃም።

ሌላው ጥንቃቄ የአስተማሪው ነው። በዚያው አካባቢ ያለችው ሰቆጣ ከተማ ከባሕር ጠለል ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ሴልሺየስ ገደማ ነው። 1 ሊትር የፈላ ውሃ በ17 ዲግሪ ካለ 3 ሊትር ጋር ቢቀላቀል፣ ዕቃውና አየሩ የሚወስዱትን ትተን፣ 36 ዲግሪ ይሆናል። በ100 ያሰላ ተማሪ 38 ሊጠጋ ይጠብቃል፤ ቴርሞሜትሩ ሲያስተባብለው ሕጉን ይጠራጠራል።

ብላክን እንደ መጨረሻ ቃል ሳይሆን እንደ መጀመሪያ መምህር ልናነበው ይገባል። ሚዛኑን አስተምሮናል፤ የሚመዘነውን ከየጓዳችን ማምጣት የእኛ ድርሻ ነው።