ዳዊትና ልብ ወለድ በአንድ መደርደሪያ

በአዲስ አበባ ደቡብ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፥ በአንድ ክርስቲያን አንባቢ ቤት መዝሙረ ዳዊትና ውዳሴ ማርያም ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ጎን ተቀምጠው ቢገኙ የሚያስደንቅ አይደለም። ዳሩ ግን ጸሎት የሚወድ ሰው ጊዜውን በልብ ወለድ ማሳለፍ ይገባዋልን? የሚሉ ወላጆችና መምህራን አሉ። እኛም በዚህ ነገር ላይ ያለንን አሳብ ለመግለጽ እንወዳለን።

የአማርኛ ልብ ወለድ ሲጀመር ከሃይማኖት የራቀ አልነበረም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙት ታሪክ ፍጻሜው የአረማዊው ንጉሥ ክርስቲያን መሆን ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ«ወዳጄ ልቤ» የሰውን ጠባይ በምሳሌ እየገለጹ ነፍስን የሚጠቅም ምክር ሰጥተዋል። ሆኖም በእነዚህ መጻሕፍት መልሱ ከጥያቄው ይቀድማል፤ አንባቢው ይመከራል እንጂ አይፈተንም።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን አንባቢውን ይፈትናል። በዛብህ በሕፃንነቱ በስለት ለእግዚአብሔር የተሰጠ ልጅ ነው። ካደገ በኋላ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሲያስተምር ፍቅር ያዘው፤ ስለቱ በአንድ ወገን፥ ልቡ በሌላ ወገን ሆነው አስጨነቁት። ደራሲው በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ስለ ነበሩ ይህን ጭንቀት ከውስጥ ያውቁታል።

እንግዲህ የጸሎትን መጽሐፍ የማያውቅ አንባቢ ይህን ታሪክ የሁለት ወጣቶች ፍቅር ብቻ አድርጎ ያልፈዋል። ስለት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ግን የበዛብህን ፍርሃት እንደ ራሱ ይቈጥረዋል። ወደ ጸሎቱ በተመለሰም ጊዜ፥ ሰው ስለ ሌላ ሰው ዕድሜ ልክ ቃል ሊገባ ይችላልን? እያለ ያሰላስላል። ይህን ጥያቄ ያነሣለት ልብ ወለዱ ነው፤ ጥያቄውን በትዕግሥት ተሸክሞ እንዲኖር የሚያጸናው ግን ጸሎቱ ነው።

ስለዚህ ሁለቱን ማቀላቀል አይገባም እንጂ ማጎራበት ይገባል እንላለን። ዳዊት በየዕለቱ የሚደገም ነው፤ ለሥነ ጽሑፍ ውበቱ ብቻ የሚያነበው ሰው ዋናውን ነገር ያጣል። ልብ ወለድንም ግብረ ገብ ለመልቀም ብቻ የሚያነበው ሰው ሰዎቹን ሳያያቸው ይቀራል። መምህራን ተማሪውን አንዱን ተው ከማለት ይልቅ፥ እያንዳንዱን እንደ ጠባዩ እንዲያነብ ቢያስተምሩት ይሻላል።